ሜዳው ዳር የቆየ ቃሬዛ

እንየው ከደሴ ዙሪያ ወደ ኮምቦልቻ የወረደው ሚስቱ ገበያነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሳለ ነው። አገር ቤት ያለው መሬት ለወንድማማቾች ሲከፋፈል የእሱ ድርሻ ከጓሮ ብዙም አልበለጠም። "ፋብሪካ እገባለሁ" ብሎ መጣ። ፋብሪካ በር ላይ ሲመላለስ ሰንብቶ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንድ የአገሩ ሰው፣ "አውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ይፈልጋል፤ ለምን አትሞክርም?" አለው። ሄደ። ቁመቱንና ትከሻውን አይተው ካፖርትና ዱላ ሰጡት።

ዛሬ አስፋልት የለበሰውን፣ ዙሪያውን በሽቦ የታጠረውን ኤርፖርት ብቻ የሚያውቅ ሰው ያኔ የነበረውን ቢነግሩት ይስቃል። ጠጠር የተደለደለበት ረጅም ሜዳ፣ ግራና ቀኙን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀይና ነጭ ከረጢት፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፤ በቃ፣ ይኸው ነበር። አጥር የሚባል ነገር የለውም። ከሜዳው ወዲህ ከተማው ነው፤ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ሁሉም በአጭሩ "ማዶ" የሚለው መንደር አለ። የማዶ ሰዎች ገበያቸውም፣ ወፍጮአቸውም፣ ጤና ጣቢያቸውም ከተማው ውስጥ ስለሆነ ሜዳውን እያቋረጡ ይመላለሳሉ። መንገዱ ከሜዳው በፊት የነበረ፣ የአያቶቻቸው መንገድ ነው። ዞረን እንሂድ ቢሉ ከሜዳው ጫፍ ጥልቅ ሸለቆ ያጋጥማቸዋል፤ በክረምት ጎርፍ የሚሞላው፣ በበጋም ጭነት የያዘ አህያ የማይደፍረው።

የእንየው ሥራ ግልጽ ነው። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ፊሽካውን እየነፋ ከብቱንም ሰውንም ከጠጠሩ ላይ ያርቃል፤ አውሮፕላኑ አርፎ ሲቆም መንገዱን ይለቃል። የከተማው ሰው "የአውሮፕላን እረኛ" እያለ ያሾፍበት ነበር። እሱ ግን ሥራውን ወደደው። ትንሿ አውሮፕላን በሐረጎ ተራራ በኩል ብቅ ብላ፣ ክንፏን ዘንበል አድርጋ፣ እሱ ባጸዳላት መሬት ላይ ስትወርድ ደረቱ ይነፋል። "ያለ እኔ እኮ አታርፍም" ይላት ነበር ገበያነሽን።

ከማዶ ሰዎችም ጋር ተዋደደ። ከሁሉ የሚቀርበው ጣሀ ነበር። ጣሀ ሽንኩርትና ቃሪያ እያመረተ ለከተማ የሚያቀርብ፣ ገና በቅርቡ ያገባ ጎረምሳ ነው። ጠዋት ሲያልፍ፣ "አያ እንየው፣ ሰማዩ ሰላም ነው?" ይለዋል። እንየውም፣ "እለፍ፣ ለዛሬ ያንተ ነው" ይለዋል። ለዒድ ቤቱ ጠርቶት፣ ሥጋው የእስላም ስለሆነ ሚስቱ ሰዒዳ ለእሱ ብላ ለብቻው ሽሮና ማር አቅርባለታለች። ሰዒዳም ያኔ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። "ልጆቻችን አብረው ነው የሚያድጉት" ተባብለው ተለያዩ።

በዚያው ዓመት ከባቲ ቁልቁል፣ በረሃው ውስጥ፣ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ቦታ አጠገብ አንድ ባለሀብት ሎጅ ሠራ። የውጭ አገር ቱሪስቶች እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ከዚያ በመኪና ወደ በረሃው ይወርዳሉ ተባለ። ከተማው በዚህ ወሬ ሰከረ። ሆቴሎች ግድግዳቸውን አስቀቡ፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ሳይቀር "ወደ በረሃ ጉዞ እናመቻቻለን" የሚል ታፔላ ተሰቀለ። ለሜዳውም አዲስ ነገር መጣ፤ ለእንየው በትከሻው የሚያንጠለጥላት የእጅ ሬዲዮ ተሰጠችው። የሜዳው ኃላፊ አቶ ኃይለ ሚካኤል የት እንደሚጫንና እንዴት እንደሚናገርባት አሳዩትና፣ "ችግር ከገጠመህ ጥራኝ። ለዚህ ነው የተሰጠችህ" አሉት።

የመጀመሪያዎቹ ቱሪስቶች የሚመጡበት ቀን የካቲት ውስጥ ዋለ። በቆርቆሮው ቤት ፊት ድንኳን ተተከለ፤ የከተማው ሹማምንት ሱፍ ለብሰው ተቀመጡ፤ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው፣ አበባ ታቅፈው ተሰለፉ። እንየው ያጠበውን ካፖርት ለብሶ ከሜዳው ወዲያ፣ በማዶ በኩል ቆመ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ጠዋት፣ "ዛሬ ዝንብ እንኳ ሜዳው ላይ እንዳላይ" ብለውታል። ሰማዩ ግን አላማረበትም። የበልጉ ደመና ከሐረጎ ተንሸራቶ እስከ ታች ድረስ ሸፍኖት ነበር።

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል የሚለው መልእክት በሬዲዮዋ እንደ ደረሰ አንድ ቃሬዛ ከመንደሩ በኩል ብቅ አለ። ጣሀ ከፊት፣ የመንደሩ ወጣቶች ከኋላ ተሸክመዋል። ከጎን የመንደሩ አዋላጅ እማ ዙበይዳ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ይሮጣሉ። ከጋቢው ሥር ሰዒዳ ተኝታለች፤ ጩኸቷ ከእሷ በፊት ደረሰ።

"አያ እንየው፣ አሳልፈን!" አለ ጣሀ ገና ከሩቁ። "ሰዒዳ ናት። ምጡ ጠንቶባታል፤ እማ ዙበይዳ ከእኔ አቅም በላይ ነው ብለዋል።"

"አውሮፕላን እየመጣ ነው" አለ እንየው።

"የታለ?"

እንየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመና ነው። ድምፅም አይሰማም። ሮጠው ቢያልፉ ይደርሱ ነበር፤ ይህን ያኔም አውቆታል። ነገር ግን ከሜዳው ባሻገር ያን ሁሉ ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ያን ሁሉ አበባ ተመለከተ። ቃሬዛ በድንኳኑ ፊት ሲያልፍ ታየው። "አንድ ቀን እንኳ ሜዳውን መጠበቅ አቃተው" ሲባል ተሰማው። ገበያነሽ መውለጃዋ ተቃርቧል፤ ሥራው ገና የሙከራ ነው።

"ተነሥቷል ተብሏል። ትንሽ ታገሡ፤ እንዳረፈ ወዲያው አሳልፋችኋለሁ።"

እማ ዙበይዳ ትኩር ብለው አዩት። "ልጄ፣ ምጥ ታገሥ ሲሉት ይታገሣል?"

"ትእዛዝ ነው፣ እማማ።"

ቃሬዛውን ኖራ ከተቀባው ድንጋይ አጠገብ አሳረፉት። ከድንኳኑ በኩል ከበሮው ይመታል። ቆይቶ ከደመናው በላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ቀረበ፣ ዞረ፣ ራቀ፣ እንደገና ቀረበ። እልልታው ቀለጠ። አውሮፕላኑ ግን አይታይም። ሰዒዳ መጮኋን አቆመች። ዝምታዋ ጣሀን ከጩኸቷ ይልቅ አስደነገጠው፤ የቃሬዛውን እጀታ ያዘና፣ "ቢስሚላህ፣ አንሡ!" ብሎ አንድ እግሩን ጠጠሩ ላይ አሳረፈ።

እንየው ዱላውን አነሣ።

"አትርገጥ ብያለሁ!"

ጣሀ ዱላውን አየ፤ ከዚያ የእንየውን ፊት አየ። "በእኔ ላይ ነው?" አለ ቀስ ብሎ። እግሩን ከጠጠሩ መለሰ።

ድምፁ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ወደ ደቡብ ራቀና ጠፋ። ሬዲዮዋ ተንሿሿች። "ደመናው አላሳርፍ ስላለው ተመልሷል። ሜዳው ነጻ ነው፤ ሰው ልቀቅ" አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

እንየው የቃሬዛውን አንድ እጀታ ሊይዝ ተጠጋ። ጣሀ በክርኑ ገፋው። በድንኳኑ ፊት እየሮጡ ሲያልፉ አበባ የታቀፉት ልጃገረዶች መንገድ ለቀቁላቸው።

ሰዒዳ ጤና ጣቢያ ደርሳ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ጥቂት ተነፈሰና ሞተ። የእሷም ደም አልቆም ሲል በመኪና ሐረጎን አሻግረው ደሴ ሆስፒታል አደረሷት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ማህፀኗ ግን ወጣ። ዳግመኛ አትወልድም ተባለ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ወሬውን በማግስቱ ሰምተው እንየውን ጠሩት። የሚቆጡት መስሎት ነበር። አልተቆጡም፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል።

"ሬዲዮዋ አልሠራ ብላህ ነው?"

"ትሠራለች ጌታዬ።"

"ታዲያ ምነው ሳትጠራኝ? አብራሪውን ጠብቅ እለው ነበር እኮ። ቃሬዛ ይለፍ ብዬ አንድ ቃል ብነግረው ማን እንቢ ይላል?"

ያን ሁሉ ጊዜ የእንየው እጅ ዱላውን እንጂ ሬዲዮዋን አልነካም። ረስቶ አይደለም። ትዝ ብሎት ነበር፤ በሹማምንቱ ፊት "አልቻልኩም" ያለ እንዳይመስል ብሎ ነው የተወው። ሌላው ሰው "ምን ያድርግ፣ ትእዛዝ አክብሮ ነው" አለለት። እሱ ግን ይህን ለራሱ ብሎ መተኛት አልቻለም።

ለቅሶ ሄደ። ሰዒዳ ገና ሆስፒታል ነበረች። ጣሀ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ተቀበለው፤ ቦታም ሰጠው። "የአላህ ቀደር ነው አያ እንየው። አብሽር" አለው። ሊያጽናና የሄደው ሰው ተጽናንቶ ተመለሰ። ቢሰድበው፣ ከደጅ ቢያባርረው ይመርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሀ በሜዳው አላለፈም። ሽንኩርቱን በጀርባው ተሸክሞ በሸለቆው ወርዶ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት እንየው ከሜዳው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ያያል፤ ማን እንደሆነ ከአካሄዱ ያውቀዋል።

ገበያነሽ በወሩ በዚያው ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወለደች። ጽናት አሏት። እልልታው ሲሰማ እንየው ከግቢው ወጥቶ ሄደ። "ምነው፣ ሴት ስለሆነች ነው የከፋህ?" ብላ ገበያነሽ አለቀሰች። "አይደለም" አላት፤ ምክንያቱን ግን አልነገራትም።

ቱሪስቶቹ ሌላ ቀን መጡ። ለጥቂት ዓመታት በረሃው ደራ፤ ፈረንጆቹ በፍል ውሃው ተጥበው፣ ፀሐይ መቷቸው ቀልተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከእንየው ጋር ፎቶ ተነሥታ ቸኮሌት ሰጠችው። ለጽናት አልወሰደላትም፤ መንገድ ላይ ጣለው። ሴትዮዋ የምታውቀው ነገር የለም፤ ምንም አልበደለችም። እሱም ይህን ያውቃል። ቢሆንም እጁ ውስጥ ሲይዘው ከበደው።

በኋላ አገር ሰላም ራቀው፣ መንገዱም አስጊ ሆነ ተባለና እንግዳ ቀረ። ሎጁ ተዘጋ፤ ጣሪያውን ነፋስ ወሰደው አሉ። ሜዳው ግን አልተዘጋም። ፋብሪካዎች በዙ፤ ነጋዴውም መሐንዲሱም መብረር ፈለገ። ጠጠሩ ተነሥቶ አስፋልት ፈሰሰ፤ የመንገደኞች ማስተናገጃ ተሠራ። በመጨረሻም አጥር መጣ።

ሽቦው በአሮጌው መንገድ ላይ ሲወጠር ቆሞ እንዲጠብቅ የታዘዘው እንየው ነው። የማዶ ሽማግሌዎች መጥተው፣ "እኛስ በየት እንሂድ?" አሉ። "ለእናንተም ደኅንነት ነው እኮ" ሲል የራሱን ድምፅ ሰማው። እውነት ነው፤ አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰው አይሄድም። ግን ያን እውነት የሚናገረው የእሱ አፍ መሆኑ አንገበገበው። አዲስ የደንብ ልብስ ሰጡት፤ ቋሚ ሠራተኛ አደረጉት። ኑሮው በተሻሻለ ቁጥር ከሌላ ሰው ሞሰብ የወሰደ ይመስለው ነበር።

ጽናት ትምህርት ቤት የገባች ቀን ቦርሳዋን አንግታ ደጅ ስትቆም፣ "ዘንድሮ እሱም ይገባ ነበር" አለ እንየው ሳያስበው።

"ማን?" አለች ገበያነሽ።

"የጣሀ ልጅ።"

ያኔ ነው ባሏ ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ለምን እንደወጣ የገባት። "ንስሐ አባታችን ዘንድ ሂድ" አለችው። ሄደ። ቄሱ አዳምጠው ጾምና ስግደት አዘዙት፤ ሲጨርሱም፣ "ይህ በአንተና በእግዚአብሔር መካከል ያለው ነው። ከሰዎቹ ጋር ያለውን ግን እኔ አልፈታልህም" አሉት። ጾሙን ጾመ፤ ስግደቱን ሰገደ። ማዶ ግን መሄድ አልሆነለትም። እስከ ሸለቆው አፋፍ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወሬው ግን ይደርሰዋል። የጣሀ ዘመዶች "ቤትህ ባዶ ሊቀር ነው" እያሉ ሌላ ሚስት አመጡለት። ሰዒዳ አልተጣላችም፤ ፈትቶ እንዲያሰናብታት ብቻ ጠየቀች። ብቻዋን ወጥታ እዚያው ማዶ ካለው ከአባቷ ቤት ገባች፤ ቆይታም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። ጣሀ ከአዲሷ ሚስቱ ልጆች ወለደ። እንየው ይህን ሲሰማ ገበያነሽን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ጽናት ኮረዳ ሆነች፤ ምላሷም ሰላ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ "አባዬ፣ እኔን ስታየኝ ለምንድን ነው የምታዝነው?" አለችው።

"አንቺን አይደለም ልጄ።"

"ታዲያ ከኋላዬ ማንን ነው የምታየው?"

እንየው ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። እናቷ በዓይኗ ተቆጣቻት፤ ጥያቄው ግን ከገበታው ላይ አልተነሣም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንየው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ ቀበሌው ሸሸ። ሲመለሱ የኤርፖርቱ መስታወት ረግፏል፤ ሽቦው በየቦታው ተቆርጦ ተወስዷል፤ በረራ የለም። ማንም ሳያዘው በየቀኑ እየሄደ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የማዶ ሰዎችም አሮጌ መንገዳቸውን መልሰው አገኙት። አስፋልቱን እየረገጡ ያልፋሉ፤ ሽማግሌው በአህያ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች እየተሳሳቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር መሃል አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ደክሟት ተቀመጠች። ከያዘችው ኮዳ ውሃ ጠጣች፣ እግሯን ዘርግታ ትንሽ አረፈች፣ ተነሥታም ሄደች። ማንም ምንም አላላትም። እንየው ከደጃፉ ሆኖ አያት። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከሠራተኞቹ መካከል ሰዒዳም ነበረች። ከስንት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተገናኙት ያኔ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች። "እንዴት ከረምክ አያ እንየው?" አለችው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። እሷም መንገዷን ቀጠለች።

ሰላም ሲወርድ ኤርፖርቱ ተጠግኖ በረራ ሊጀመር ነው ተባለ። አጥሩም ሊመለስ ነው። የማዶ ሰዎች ቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው መንገድ ጠየቁ። የመጣው ኃላፊ ትሑት ሰው ነበር፤ በአክብሮት አስረዳቸው። በማኮብኮቢያው ላይ ሰው ማሳለፍ አይቻልም፤ በሸለቆው በኩል ግን መንገድ ይጠናል፣ በሚቀጥለው በጀት ይታያል አላቸው። ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። እንየው ከኋላ ተቀምጦ ሰማ። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ሸለቆው ሄደና የአፋፉን አፈር መናድ ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ የሚያወጣ መሰለው። ሲመላለስ ሲያዩት "ሰውየው ምን ነካው?" አሉ። እጁ ውሃ ቋጠረ፤ ገበያነሽ ጨርቅ ትጠቀልልለታለች፣ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ቀን አፈር ሲያነሣ ጥላ አረፈበት። ቀና ቢል ጣሀ ነው። ሽበት ጣል አድርጎበታል።

"ምን እያደረግክ ነው አያ እንየው?"

"መንገድ።"

"ብቻህን?"

"ያጠፋሁትም ብቻዬን ነው።"

ጣሀ አፋፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ሸለቆውን አየ። "ብቻህን አይደለም" አለ። "ሚስቴ ቃሬዛ ላይ ነበረች። እኔ ዱላ ፈርቼ እግሬን መለስኩ። ብትመታኝ ምን እሆን ነበር? ይደማኛል፣ አልፋለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩትም። ወላሂ፣ ሰዒዳን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ ሌላ ሳገባ አይደለም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።"

እንየው ዶማውን ጣለ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ለብቻው የተሸከመው መስሎት ነበር። ለካ በደል የሌለበትን ሰውም አሸክሞታል።

"አንተ ምን አደረግክ?" አለው። "ዱላው የእኔ ነው።"

"እግሩ ደግሞ የእኔ ነው" አለ ጣሀ። ተነሥቶም አካፋውን አነሣ።

ጣሀ ሲሠራ የታየ ቀን መንደሩ ተከተለ። ወጣቱ ድንጋይ አቀበለ፤ ሴቶቹ ንፍሮና ውሃ አመጡ። ቀበሌው አፈር የሚያመላልስ መኪና ላከ፤ ሽቦ ተገኝቶ ድንጋዩ በሽቦ ታስሮ ከጎርፉ በላይ መሻገሪያ ተደለደለ። እንየው የሚደሰትበት ነገር ነበረው። አልተደሰተም። ያመሰገነው ሰው ሁሉ የሰደበው ይመስለው ነበር።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሰዒዳ ከፋብሪካ ስትመለስ በዚያ በኩል መጣች። ሌሎቹ ለምሳ ሄደዋል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ለሰዒዳ ብሎ ነው የሚሠራው ይላሉ" አለች።

እንየው ዶማውን አስቀመጠ።

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው። ለሚሄድበት ሰው ብለህ ሥራው።"

"እሺ" አለ።

"ሬዲዮ ነበረህ" አለች ሰዒዳ፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። "ትከሻህ ላይ። በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ የማየው እሷን ነበር። አሁን ይናገርባታል፣ አሁን ይናገርባታል እያልኩ ነበር የምጠብቀው። መጮኼን የተውኩት እኮ ሞቼ አልነበረም። ስትናገር እንድሰማህ ብዬ ነው።"

እንየው መሬት ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣበት፤ ግን በእሷ ፊት ማልቀስ መብቱ አልመሰለውም። "ይቅር በይኝ ልልሽ አፌ አይደፍርም" አለ።

"አትበል። ብትጠይቀኝ ዐውፍ ማለት ይገባኛል፤ ዲኑም ያዘኛል። ግን ገና አልደረስኩበትም። ብልህ ከአንገት በላይ ነው የሚሆነው፤ ለአንተም ለእኔም አይጠቅምም።" ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞር አለች። "ሐሙስ ቤቴ ዱዓ አለ። ለልጄ ነው፤ በየዓመቱ አደርገዋለሁ። ና። ሚስትህንም ይዘሃት ና።"

ሐሙስ ከገበያነሽ ጋር ሄደ። እንቢ ማለት አልቻለም፤ መግባትም ከበደው። ደጃፉ ላይ ሲያመነታ አንድ ሽማግሌ፣ "ግባ እንጂ፣ ዱዓ በር የለውም" ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። ቤቱ ሞልቷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ምንጣፉ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ጣሀም በአንድ ጥግ አለ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ሰዒዳ ለክርስቲያኖቹ የጾም አዘጋጅታለች።

ሸኹ መዳፋቸውን ዘርግተው ለአገር ሰላም፣ ለዝናቡ፣ ለታመመ፣ ለተሰደደ ለመኑ። ሰውም "አሚን" አለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለአብዱልወሀብ ጣሀ፣ አላህ ለእናት ለአባቱ አማላጅ ያድርገው" አሉ።

እንየው ልጁ ስም እንዳለው አያውቅም ነበር። በልቡ ሁልጊዜ "የጣሀ ልጅ" ወይም "እሱ" እያለ ነበር የሚያስበው። ለዚያች ለጥቂት እስትንፋስ ስም እንደወጣላት፣ እናቱ በየዓመቱ በዚያ ስም እንደምትጠራው አልገመተም። ሰው ሁሉ "አሚን" ሲል የእሱ አፍ አልከፈት አለ። ገበያነሽ ክንዱን ነካችው። ዘግይቶ፣ ብቻውን፣ "አሚን" አለ። ሰዒዳ ከጓዳው በር ሆና ሰማችው፤ አላየችውም፣ ዞራም አልሄደችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገበያነሽ፣ "አሁን ቀለለህ?" አለችው።

"ባሰ" አለ እንየው። "ግን ይሻላል።"

በዚያ ሳምንት ጽናትን አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት። አንድም ነገር አላስቀረም፤ ዱላውንም፣ ዝም ያለበትንም። ጽናት አላለቀሰችም። "ስሙ ማን ነበር?" ብላ ጠየቀችና ስትሰማ ቀስ ብላ ደገመችው።

መንገዱ አለቀ። ኤርፖርቱም ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ አውሮፕላን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አጥሩም ቆሟል። በሸለቆው መንገድ አህያም ባጃጅም ያልፋል። ከማዶ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ስትሄድ እንየው ያየበት ቀን አለ፤ ባጃጁ አቀበቱን ወጥቶ ወደ ከተማው እስኪሰወር ቆሞ ጠበቀ። ደስታ አልነበረም የተሰማው። ይህ ያኔ ቢኖር ኖሮ የሚል ነገር ነው ያንገበገበው። የሰው ነፍስ በመንገድ አይካካስም፤ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ክረምቱ በየዓመቱ ከመሻገሪያው ድንጋይ ይወስዳል፤ መስከረም ሲጠባ እሱና ጣሀ ወርደው ይጠግኑታል። ብዙም አይነጋገሩም፤ ድንጋይ ይቀባበላሉ። ሰዒዳ "ዐውፍ ብዬሃለሁ" አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። የካቲት ሲገባ ግን ሰው ልካ ታስጠራዋለች። ዱዓው ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ ሄዶ ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ውሃ ይቀዳል፤ እሷም ምን እንደሚቀር እየነገረች ታዘዋለች።